ጃርቷን ይዘን ሱሉልታ ገባን

እናንተ እዚያው ፒያሳ ሰፈራችን የቀራችሁ፣ እናንተም እንደኛ ሰበታና ቡራዩ የተበተናችሁ፣ የወጣንበትን ቀን ልንገራችሁ። ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ይደርሳል የተባለው አይሱዙ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሊሸኙን የወጡት ጎረቤቶች እንባቸውን ቀድመው ስለጨረሱ እየሳቁ ጫኑልን። ባሕር የምንሻገር ይመስል ዳቦ፣ ቆሎና ብርድ ልብስ ሰጡን፤ መንገዳችን ግን እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ነው!

ልጄ ሶስና ብቻ አልሳቀችም። ስምንት ዓመቷ ነው። የተከራየነው ቤት ለልማት ሲፈለግ፣ "እኔ እማማ ጋ ጉለሌ እቀራለሁ" ብላ ነበር፤ እማማ የምትላት እናቴን ነው። "እስከ መስከረም ሞክሪው፤ ካልወደድሽው እሷ ጋ ትኖሪያለሽ። ምርጫው ያንቺ ነው" ብዬ ቃል ገባሁላት። ሌላ ምን ልበል? እንጀራዬ የልጆች አኒሜሽን ነው። ቀንበጥ የምትባል ጃርት አገር ላገር እየዞረች ስትነግድ፣ ማንም ማንንም ማስገደድ እንደሌለበት፣ ቃልም እንደሚከበር ለልጆች ታሳያለች። ሶስና ሁሉንም ክፍል በቃሏ ታውቀዋለች። በገዛ ጃርቴ ተወጋሁ!

አከራያችን ኦቦ ደበላ በር ላይ ቆመው መረመሩን።

"ልጅቷ ትጮኻለች?"

"አልፎ አልፎ፣ ኦቦ።"

"ላሞቼ ከደነገጡ ወተት ይከለክላሉ። ሥራሽስ ምንድን ነው?"

"ለልጆች ሥዕል አንቀሳቅሳለሁ።"

"ድምፅ አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺ።"

ቀበሌ ደግሞ ባሰ። ጸሐፊው ሥራዬን ሰምቶ ፎርሙን አገላበጠ። "ገበሬ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ጃርት የለም" አለኝ።

"ታዲያ ምን ልሁን?"

"ጃርቷ ትነግድ የለ? ነጋዴ ልበልሽ።"

መታወቂያዬ ላይ እስከ ዛሬ ነጋዴ ነኝ፤ የሸጥኩት ነገር ግን የለም።

ብርዱን አታንሱት። ፒያሳ ሹራብ ይበቃል፤ እዚህ ሹራብ ለነፋሱ ምኑም አይደል። ወተቱ ግን! ከተማ ስንጠጣ የኖርነው ውሃ ነው ለካ። ሰውም መንገድ ላይ ሲያገኝህ "አካም!" ብሎ ቆሞ ቤተሰብህን በሙሉ ይጠይቃል። እኛ በአገጭ ሰላም መባባል የለመድን ሰዎች መጀመሪያ ላይ የተቆጡን መስሎን ነበር።

ሶስና ሁለት ወር መስኮት ላይ ተቀመጠች። እኔም የመስከረምን መምጣት ቀን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት የኦቦ ደበላ የልጅ ልጅ ቢፍቱ ወተት ልታደርስ ገብታ ኮምፒውተሬ ላይ ፈዛ ቀረች። ቀንበጥ ገበያ ገብታ ቅቤ ትገዛለች።

"ለኪ፣ አይሆንም! እንዲህ አይገዛም!" አለች ቢፍቱ። "ሳትቀምስ? ሳትከራከር? ምርቃት ሳትጠይቅ?"

"ዋጋው ተጽፎበታል እኮ" አልኳት።

"ቅቤ ላይ?"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከኋላዬ ሌላ ሳቅ ሰማሁ፤ የሶስና ነው። ልጆችን ገበያ አስተምራለሁ የምል ሴትዮ ሱፐርማርኬት ስዬ ገበያ ብዬዋለሁ!

ቅዳሜ ቢፍቱ ጎትታ ገበያ ወሰደችን። ሶስና ቅቤውን በጣቷ ቀምሳ ዋጋ ጠራች። ሁለት ጊዜ ጥላ ሄደች፣ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ተመለሰች። "አንቺ አልገዛም ማለት ትችያለሽ፤ ሻጯም አልሸጥም ማለት ትችላለች" ትላታለች ቢፍቱ። ይህንን ለመናገር እኔ ሦስት ክፍል ፈጅቻለሁ። ሲስማሙ ሻጯ ሳትጠየቅ አንድ ጉርሻ የሚያህል ጨመረችላት፤ ሁለቱም እኔ ነኝ ያተረፍኩት በሚል ፊት ተለያዩ።

ክፍሉን እንዳለ ሰርዤ እንደገና ሳልኩት። ሶስና ጃርቷን፣ ቢፍቱ ቅቤ ሻጯን ሆኑ። በግድ ካልገዛሽ የሚለውን ጅብ ኦቦ ደበላ ራሳቸው ተጫወቱት። ላሞቹ ደነገጡ።

መስከረም ሲጠባ እናቴ ደወለች። "ሶስዬ፣ ክፍልሽን አሰናድቻለሁ።"

ሶስና ከንፈሯን ነከሰች። "እማማ፣ አልመጣም። ከቢፍቱ ጋ እዚህ ነው የምማረው።"

በደስታ ልዘል ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ክፍሉን ለማሚ ስጫት። ሰፈር ይናፍቃታል። ዕቃ ስታጥብ ታለቅሳለች።"

ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ውጭ ሮጠች።

"እውነቷን ነው፣ ልጄ?" አለች እናቴ።

ብርዱ ነው ዓይኔን የሚያስለቅሰኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት።