የመሪጌታ ብረት

አምና በጥምቀት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከበሮውን መንገድ ላይ አስቀመጡ። ታቦቱ ከጣና ዳር ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ እያጨበጨበ፣ መንገዱ ሳይጋመስ ቀኝ ትከሻቸው ከዳቸው። ከበሮው ለአንድ ወጣት ዲያቆን ተሰጠ። በማግስቱ የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ፍሬ ስብሐት በትሕትና፣ «ከእንግዲህ ጸናጽል ይያዙ መሪጌታ፤ ዕድሜም አለ» አሏቸው። ያንገበገባቸው ትሕትናው ነው።

እኔ፣ ሹም አቦ፣ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታቸው ነኝ። ሰውዬው እልኸኛ መሆናቸውን ድሮም አውቃለሁ። ማለዳ ማለዳ ከጓሯቸው «ድም» የሚል ድምፅ ስሰማ ግን ግራ ገባኝና ብቅ ብዬ አየሁ። ነጠላቸውን አጥር ላይ ጥለው፣ ልጃቸው ወለላ የምትለማመድበትን ኬትልቤል፣ ያን ባለ እጀታ ድቡልቡል ብረት፣ ያወዛውዛሉ፤ ሲደክማቸው «ድም» አድርገው መሬት ላይ ያሳርፉታል።

የመጀመሪያው ቀን በእልህ ነበር። ከበሮ ሲሸከሙ እንደለመዱት ሁሉን በአንገትና በትከሻ ሊያነሡ ታገሉ። ወለላ «ይተዉ፣ ኃይሉ ከዳሌ ነው የሚመጣው» ብትልም አልሰሟትም። ሲነጋ ለማማተብ እንኳ እጃቸው አልነሣ አለ። ባለቤታቸው እናትዓለም ቅባት እያሸች ስትቆጣቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

«አባባ፣ ዜማን በአንድ ቀን ነው የተማሩት?» አለቻቸው ወለላ።

ዜማው ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ያውም አንዷን የዜማ ምልክት እየደጋገሙ፣ በመምህራቸው አርጩሜ። ሲሻላቸው ትንሹን ብረት አንሥተው፣ ዳሌን ወደ ኋላ፣ ጉልበትን ሰበር ማድረግን እንደ ፊደል ቆጣሪ ሀ ብለው ጀመሩ።

ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳላፍር ስቄያለሁ፤ ጥምጣም የጠመጠመ ሰው ብረት ሲያወዛውዝ አይቼ አላውቅማ። አለቃ ራሳቸው መጥተው፣ «ይህ ለነፍስ ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁ።

«ለነፍሴ ጸሎት አለኝ። ይሄ ለትከሻዬ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ብረቱን ሳያስቀምጡ።

ክረምት ገብቶ ጓሮው ሲጨቀይ በረንዳው ላይ ሠሩ። በነቢያት ጾም በሽሮና በተልባ አላቋረጡም። የታከታቸው ዕለት ጥቂት ይሠራሉ እንጂ አይዘሉም። ቀድሞ የደከመው የእኛ ሳቅ ነው።

ዘንድሮ ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከሐይቁ ዳር ሊመለስ ሲነሣ አለቃ ጸናጽል ዘረጉላቸው። መሪጌታ አልተቀበሉም፤ ወደ ከበሮው ሄደው ማንገቻውን በአንገታቸው አጠለቁ።

«መንገድ ላይ ቢያስቀምጡትስ?» አሉ አለቃ፣ ሰው እየሰማ።

«ካስቀመጥሁት ዳግመኛ አልነካውም።»

አምና ትከሻቸው የከዳቸውን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ ስንደርስ እልልታው እንኳ ቀነስ አለ። መሪጌታ ግን ጉልበታቸውን ሰበር፣ ዳሌያቸውን ወዝወዝ እያደረጉ ከበሮውን ግራና ቀኝ መቱት። አለፍነው። ደስታዬ አስለቀሰኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አለቃ ቀረብ ብለው ፈገግ አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ከበሮው የእርስዎ ነው። ያን ብረት አሁን ይተዉታል።»

መሪጌታ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከበሮውን አላወረዱም።

«አለቃ፣ እርስዎ ዜማውን ካወቁት በኋላ መከለስ ትተዋል?»

በማግስቱ ማለዳ ያው «ድም» ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።