ሞተር ጠፍቶ የተገኘ ብልሽት

መካኒኩን ሰፈርተኛው “ጆሮ” ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮፈን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የመኪናን በሽታ በድምፅ ሲለይ ኖሯል። ቅጽል ስሙን አልወደውም ይላል፤ ማንም አያምነውም።

ዘንድሮ ግን የሰፈሩ አዋላጅ መኪና አንገቱን አስደፋችው። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ጉልበት ይከዳታል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ያለው ዳገቱ ላይ ነው፣ ምጥም ቀጠሮ አይሰጥም። ጆሮ አዳመጠና ፊልትሮ ቀየረ። እንደገና አዳመጠና ካንዴላ ቀየረ። በሦስተኛው የነዳጅ ፓምፑን ጠረጠረ፤ ፓምፑ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሚስቱን ብቻ፣ ጆሮዬ ሳይከዳኝ አይቀርም፣ ጋራዡን ልዝጋው ይሆን ሲል አማከራት። እሷም መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ቀንስልን፣ ጎረቤት ተማሯል አለችው።

በአራተኛው ምልልስ ሴት ልጁ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። እሷም መካኒክ ናት፤ ከማዳመጥ ይልቅ ማንበብ ይቀናታል። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተችና የውጭውን አየር ግፊት የሚለካውን ሴንሰር አየች። ሰባ ይላል። አጠገቧ የቆመችው መኪና ዘጠና ስምንት ትላለች። ሁለት መኪኖች አንድ ጣሪያ ሥር ቆመው የተለያየ አየር አይተነፍሱም። ሽቦውን ፈተሸች፤ ደህና ነው። የዋሸው ሴንሰሩ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ተራራ ጫፍ የወጣች መስሏታል፤ አየሩ ሳስቷል ብላ ቤንዚን ትቆጥባለች። ሜዳውን እንደምንም ታብቃቃዋለች፤ ዳገቱ ላይ ግን ያንሳታል።

ጆሮ ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ሞተር ጠፍቶ የሚገኝን ብልሽት የትኛው ጆሮ ይሰማዋል? እያፏጨ አዲሱን ሴንሰር በገዛ እጁ ገጠመ። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለና መሪው ላይ የተቀመጠችውን አዋላጅ፣ በይ አስነሺያት አላት።

ጠበቀ።

“አስነሺያት እንጂ።”

አዋላጇ ወደ ሴት ልጁ አየች፤ ልጁ ወደ መሬት።

“ተነስታለች እኮ፣ ጋሼ።”

ዓይኑን ገለጠ። መዳፉን መኪናዋ ላይ አሳረፈ፤ ቆርቆሮው ይርገበገባል። እጁን አላነሳም። ቆይቶ ወደ ልጁ ዞረ።

“ድምጿ እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው፣ አባዬ” አለችው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።