ስዕል ቤቱ ደጃፍ ያወለቅኩት ጫማ

በጦርነቱ ከሁመራ የወጣን ዕለት ምሽት ባለቤቴ «ወፍጮ ቤቱን ቆልፌ ልድረስባችሁ» ብሎ ተመለሰ። እኔና ልጄ ሰሎሜ ተከዜን ተሻግረን ሱዳን፣ ሐምዳይት ገባን፤ እሱ ግን እስካሁን አልደረሰም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁት «ተሻገረች፣ ዳነች» ትላላችሁ አሉ። ዳንኩ ወይ?

ሰሎሜን ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ጎረቤቴ ለተብርሃን ዘንድ ትቼ ገዳሪፍ ከተማ ሻይ እሸጣለሁ። ከካምፕ መውጫ ፈቃድ፣ ተስሪሕ የሚሉት፣ የለኝም። ላወጣ እዚሁ ከተማ ያለው ቢሮ ሄጄ ነበር።

«ከካምፕ ለምን ወጣሽ?» አለኝ የቢሮው ሹም።

«ፈቃድ ላወጣ።»

«ታዲያ ያለ ፈቃድ እንዴት ወጣሽ?»

ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን የምሩን ነው። ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

እዚህ የፖሊስ አፈሳ ከሻ ይባላል። በከሻ የተያዘ በጭነት መኪና ተወስዶ ድንበሩ ላይ ይጣላል። ያን ጊዜ ሰሎሜ ማን አላት? ስኳር ሳማስል እንኳ የማስበው ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን «ከሻ መጣ!» ሲባል በራዴን ጥዬ ያገኘሁት ክፍት በር ውስጥ ዘው አልኩ። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ስዕል። እኛ ስዕል የምናውቀው ቤተ ክርስቲያን አይደል? በዚያ ድንጋጤ መሃል ጫማዬን ደጅ አውልቄ፣ መቃኑን ተሳልሜ፣ አማትቤ ነው የገባሁት። ሽማግሌው ጠባቂ ዓም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ ማለት ነው፣ ሳቁ። መተማ ሲነግዱ አማርኛ ለምደዋል።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እዚህ ታቦት የለም። የሠፈራችን ልጆች የሳሉት ነው፤ አይተሽ ደስ ይበልሽ» አሉኝ።

ደስም አለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ማሽላ አለ፣ ዝናብ የያዛት ገዳሪፍ አለች፣ ማንም የማያባርራት ሻይ ሻጭ አለች። ከሁሉ የወደድኩት ግን የሰሊጥ አጨዳውን ስዕል ነው፤ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሟል፣ ልክ እንደ ሁመራ። ወለሉ ቀዝቃዛ፣ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲቀዘቅዝ እየሄድኩ አያለሁ፤ ያየሁትን ለሰሎሜ በስልክ እተርክላታለሁ። ጫማዬን ግን ሁልጊዜ ደጅ አወልቃለሁ። ዓም ኢድሪስ ቢስቁብኝም እግሬ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሰሊጡ ፊት ቁጭ ብዬ ሳለ የፖሊስ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ከበሩ ጀርባ ተለጠፍኩ። ሮዝ የላስቲክ ጫማዬ ውጪ መቅረቱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጄን፣ ልጄን አልኩ በሆዴ።

«ያ ሐጅ፣ ይህ የማን ነው?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«የኔ» አሉ ዓም ኢድሪስ።

«የሴት ጫማ?»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ያን ትልቅ ባዶ እግራቸውን ጫማዬ ውስጥ ጠቀጠቁት፤ ተረከዛቸው ውጪ ቀረ።

«ሚስቴ የኔን አጥልቃ ሄደች፤ ባዶ እግሬን ልሂድ?»

ፖሊሶቹ እየሳቁ ሄዱ። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ፤ እስኪመሽ ከበሩ ጀርባ አልወጣሁም።

«ከእንግዲህ ጫማሽን እንዳደረግሽ ግቢ» አሉኝ። አልቻልኩም። አሁን አውልቄ ብብቴ ውስጥ ይዤው እገባለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሰሊጡ ይልቅ በሩን ነው የሚያየው።

ትናንት ሰሎሜ ደወለች።

«እማ፣ ሰሊጡን እኔም ልየው። መቼ ትወስጅኛለሽ?»

«እወስድሻለሁ፣ የኔ እናት።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን ደጅ አወልቃለሁ አይደል?»



«አውልቂ፤ ግን በእጅሽ ያዥው።»