ሁለት ሸክም የሚያሳልፍ መንገድ

ዛሬ ጠዋት ከመናኸሪያው ጀርባ ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝና፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲሸፍን እኔን ሳቅ አመለጠኝ፤ ከተማችን መካነ ኢየሱስ ለመንገዷ ሥራ ነቅላ የወጣችበት ያ የልጅነቴ ቅዳሜ ነዋ የሸተተኝ!

የገበያ መውረጃችን ያኔ ጠባብ ነበረች፤ አይሱዙ ሲመጣ እግረኛው አጥር ላይ ይለጠፋል፣ አህያው ቦይ ይገባል፣ በክረምት ደግሞ የሚረጨው ጭቃ ነጭ ነጠላን ነብር ያስመስለዋል። ልትሰፋ ነው ሲባል በእልልታ ተቀበልን። ያን ቅዳሜ ስብሰባ ተጠርተን ለድንበር የተተከለውን ችካል ስናይ ግን የሰፋው ለመኪና ነው፤ ለእግረኛ የቀረችው አጥር ሥር የተጣበቀች ቀጭን ጠርዝ ናት። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያው መንገድ እንጨት በጀርባቸው አግድም ተሸክመው ገበያ እያወረዱ ነበር።

"እኔ ታዲያ በየት ልለፍ?" ብለው ተነሡ።

ሁለት አይሱዙ ያላቸው ጋሽ አዳሙ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ፣ "ተራ በተራ ነዋ፣ እትዬ ዘርፌ!" አሉ።

"በል እስቲ አንተው ተሸከምና አሳየኝ!"

ሕዝቡ አውካካ። መሬት ሲካፈሉ ገመድ እንደሚጣለው ሁሉ፣ ከአህያ ጭነት ሁለት መጫኛ ተፈትቶ ለእግረኛ በተተወው ስፋት ተዘረጋ። ጋሽ አዳሙ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት አቅቷቸው ኮታቸውን አወለቁ፤ እንጨት ታሰረላቸውና እሳቸው ከወዲያ፣ እትዬ ዘርፌ ከወዲህ በመጫኛዎቹ መሐል ተነሡ። ሲገናኙ ሸክም ከሸክም ተቆላለፈ፤ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ! እንደ ተዋጊ በሬ ተያይዘው ሲሽከረከሩ የደብሩ ቄስ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ኧረ ወገቤን! ኧረ አስፉት!" እያሉ ጋሽ አዳሙ ራሳቸውም በሳቅ ፈረሱ። ችካሉን ያስተከለው ወጣት መሐንዲስ መልሶ ነቅሎ ወደ መኪናው መንገድ ሲገፋው፣ እኛ ልጆች የችካል መምቻ ድንጋይ ይዘን እየጨፈርን ተከተልነው።

የእግረኛው መንገድ ዛሬም አለ፤ ሁለት ሸክም ሳይነካካ ይተላለፍበታል። በጠባቧ መንገድ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ለማሳለፍ አጥር ተደግፎ ሲቆም የታመመ ይጠየቅ፣ ማን እንደ ወለደች ይወራ ነበር፤ ሰላምታው ሸክሙ ትከሻ እስኪቆርጥ ይረዝም ነበር። ዛሬም መንገድ ይስፋ ቢባል ድንጋይ ይዤ እሮጣለሁ። ቢሆንም ከታች ያለችው ጎረቤታችን መውለዷን ያወቅሁት ልጇ እየዳኸ መንገዱ ላይ ሲወጣ አይቼ ነው።