እንግሊዞቹ ሲነሱ እኛም ተነሳን

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደባርቅ ገበያ አጠገብ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አባቴ ፊት ሳቅሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቄስ ናቸው።

መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ ቤቱ የናፍጣና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ይሸት ነበር። ሌላ ጊዜ የሚታየው ካራቴ ነው። ያን ቀን ግን ከጎንደር የመጣው ካሴት ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ኮሜዲ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ከኋላ “ካራቴው የታለ?” ብሎ ጮኸ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ አዲሱ “የመጣው ይሄ ነው! ያልፈለገ በሩ ያውልህ” አሉት። ማንም አልወጣም።

ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ አላስፈለገንምም። ፊልሙ ላይ ስድስት ወንዶች ሾርባ ቀርቦላቸዋል። አንዲት ወይዘሮ በገባች ቁጥር ሁሉም ይነሳሉ። ስትወጣ ይቀመጣሉ፤ ማንኪያ ሲያነሱ ተመልሳ ትገባለች። ሾርባውን የቀመሰ የለም። አጠገቤ የነበሩ፣ ከአምባራስ መንደር ለገበያ የመጡ ገበሬ “ምነው፣ እነዚህማ የኛው ናቸው!” ብለው ጭናቸውን መቱ።

በዚህ መሃል አባቴ እኔን ሊያወጡ ገቡ። ቤቱ በሙሉ “ኖር!” ብሎ ተነሳ። “በእግዜር!” አሉ፤ ተቀመጥን። ጋሽ አዲሱ በርጩማቸውን ይዘው ደረሱ።

“አረፍ ይበሉ፣ አባ።”

“ኧረ ተው፣ አንተው ተቀመጥ።”

“በሞቴ!”

ቄስ ቆመው መቀመጥ ነውር ነውና ቤቱ እንደገና ተነሳ። በዚያችው ቅጽበት ወይዘሮዋ ገባች፤ እንግሊዞቹም ተነሱ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ማቆምም አቃተኝ። አባቴ ያዩት የእኔን ጥርስ ብቻ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት አባቴ ፈረዱብኝ። ድንጋይ ተሸክሜ “በእርስዎ ስቄአለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” እንድል፣ ካላልኩ ቪዲዮ ቤት ዳግመኛ እንዳልረግጥ። የፊልሙን መጨረሻ አላየሁም ነበርና ፍርዱ ከበደኝ።

“በእርስዎ ብቻ አልሳቅሁም፣ አባባ። በሁላችንም ነው። እኔም ተነስቼ ነበር” አልኳቸው።

“ወይ ምላስ!” አሉ አንዷ ጎረቤት። “ተሸከሚና ይለፍልሽ፣ ልጄ።”

አልተሸከምኩም። እገዳው ጸና። ለትምህርት ጎንደር እስክወርድ ድረስ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በዚያ በር አጠገብ አልፍና ከውስጥ የሚመጣውን ሳቅ እሰማ ነበር።

ዛሬ ዘጋቢ ነኝ። ባልደረቦቼ እንደዚያ ያሉ የእንግሊዝ ፊልሞችን ስመለከት ያሾፉብኛል፤ ያረጀ የፈረንጅ ቅብጠት ነው ይሉኛል። አልቀበልም። እንግሊዝ አገርን አይቼ አላውቅም፤ ሰው ላለማሳፈር ብሎ ሲሰቃይ ግን ደባርቅ ላይ አይቻለሁ። በወግ መሳቅ ወግን መናቅ ነው የሚሉኝም አሉ። እኔ ለታላቅ እነሳለሁ፤ ስነሳም እስቃለሁ። ሁለቱንም አልተውም።

ቪዲዮ ቤቱ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ልጆች ፊልም በየስልካቸው ለየብቻቸው ያያሉ፤ ሰው ሲገባ ቀና የሚለው ጥቂት ነው። አብረን የምንስቅበት ያ ጨለማ ክፍል ይናፍቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ቤት ሄጄ አንድ ሌላ የእንግሊዝ ኮሜዲ ስልኬ ላይ ስከፍት አባቴ ከጎኔ ተቀመጡ። ሁለት መኳንንት ባቡር በር ላይ “እርስዎ ይቅደሙ” ሲባባሉ ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ። አባቴ ያችን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሼ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። እገዳውን ግን እስከ ዛሬ አላነሱም።