ባትሪዬን የጠጣው የአብዱ ስልክ

ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጎረቤቴ አብዱ ስልኩን ላፕቶፔ ላይ ሰክቶ ቲክቶክ እያየ ይስቃል!

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። እኔ ለዛሬው የኦንላይን ፈተና ብዬ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ፣ ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ሙቀት እንዳይነካት ከጥላ ጥላ እያዞርኩ ባትሪዋን እንደ ዓይኔ ብሌን ስጠብቅ ነው የዋልኩት።

እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ስልክ ምን ያህል ትበላለች ብዬ ነው» አለኝ።

ይኸው በላች! ፈተናው መሃል ላይ ላፕቶፔ ድርግም ብላ ጠፋች።

ማሌሽህን እዚያው ለቲክቶክህ ንገር!

የእናንተንስ ባትሪ እንዲህ የጠጣ ጎረቤት አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ይህን የምጽፈው ከእጁ በነጠቅሁት ስልክ ነው፤ ቻርጁ ተሟጦ እስኪያልቅ አልመልስለትም።