የተፍኪዋ ሴት ጉንጭ

ያን ፎቶ ያየሁ ዕለት ቁርስ አልበላሁም። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ባሉበት ዘመን ነው። ባሌ ሰበታ ላይ፣ በጅማ መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ለሠርግና ለክርስትና ደግሞ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ ይጠሩታል። ጠዋት ሱቁን ልጠርግ ብገባ፣ መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ፎቶዎች መሀል አንዲት የማላውቃት ሴት ተሰቅላለች። የፊቷ ግማሽ የለም። የሚታየው አንድ ጉንጭ፣ የከንፈሯ ጫፍና ወደ ውጭ የምታይበት አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጨለማ ውጦታል። በር ላይ ቆማ ዝናቡ እስኪያባራ የምትጠብቅ ትመስላለች። ዙሪያዋን ደግሞ ጉም የመሰለ ነገር ከቧታል።

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ! የእሱ ፎቶ እንዲህ አይደለም። የሰበታ ሰው ለፎቶ ሲቀመጥ ልመናው አንድ ነው፤ "ቀይ አድርገህ አውጣኝ" ይላል። እሱም የሌንሱን ቀዳዳ ቧ አድርጎ ይከፍትና ጠይሙንም ጥቁሩንም አንጥቶ ይሸኛል። እኔንም በሠርጋችን ሰሞን ያነሳኝ እንዲሁ ነው፤ አፍንጫዬ እንኳ የት እንዳለ አይታይም።

"ማናት?" አልኩት።

"ተፍኪ ገበያ ሽምብራ የምትሸጥ ሴት ናት። የክርስትና ፎቶ ላነሳ ሄጄ ዝናብ ሲይዘኝ እነሱ በር ላይ ተጠለልኩ።"

"ታዲያ ፊቷን ምን በላው?"

ደስ አለው፤ ስለ ሥራው የጠየቅኩት መሰለው። ብርሃኑን የለካሁት ከጉንጯ ነው አለኝ፤ ቀዳዳውን ለጉንጯ የሚበቃውን ያህል ብቻ ከፍቼ ሌላውን ለጨለማ ተውኩት፣ ሁሉንም የሠራሁት እዚያው ካሜራው ላይ ነው አለኝ።

"ይህ ጉምስ?"

"ሌንሱ ላይ እፍ አልኩበት። ትንፋሼ ሳይደርቅ አነሳኋት።"

እፍ አለላት! አዲስ ተጋቢ ሲፋቀር "እፍ ብለዋል" እየተባለ ስሰማ ያደግኩ ሴት ፊት ቆሞ እፍ አልኩ ይለኛል። "ለእኔ አንድ ቀን እፍ ብለህ ታውቃለህ?" ብለው ከት ብሎ ሳቀ። መጥረጊያውን ወርውሬበት ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው መስኮቱ ላይ ይለጠፍ ጀመር። "ያ ዋቃ! ኦቦ ፎቶ፣ ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት?" ይሉታል፤ ስሙን ትተው ኦቦ ፎቶ፣ አቶ ፎቶ እንደማለት ነው፣ ነበር የሚሉት። አዲስ አበባ ወርደው ሲኒማ ያዩ ጎረምሶች "ልክ እንደ ሲኒማ!" እያሉ ያደንቃሉ። እሱ ደረቱን ነፍቶ ይስቃል። የእኔን አንጀት ቅናት ይበላዋል።

አላስችል ቢለኝ በገበያ ቀን ተፍኪ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አገኘኋት። ሽምብራዋን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ጉንጮቿ በቦታቸው ናቸው፣ ተራ ጉንጭ። "አካም ጅርታ" ብላ ሰላም አለችኝ፣ ስገዛትም አንድ እፍኝ መረቀችልኝ። ደግነቷ ይባስ አናደደኝ። ቆንጆ ብትሆን እኮ እፎይ እል ነበር! ወንድ ቆንጆ ቢያይ ምን ይደንቃል? እኔን ያንገበገበኝ ያን ተራ ጉንጭ ብርሃን እስኪለካበት ድረስ ማየቱ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ መሶብ እየበላ፣ የኔን ጉንጭ እንዲያ አይቶት ያውቃል? ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ አንድ ጊዜ እንደዚያ እንዲያየኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

"አንሳኝ" አልኩት። "እንደ እሷ። ከእሷም አስበልጠህ።"

በሩ ላይ አቆመኝ። ፊትሽ አጠገብ ብርሃን የሚይዝ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር አለ። ምን ቸገረኝ፣ የነጠላዬ ጥለት የብር ክር አለበትና ነጠላዬን ገልብጬ ጥለቱን ወደ አንገቴ አመጣሁት። ቀዳዳውን አጠበበ፣ እፍ አለ፣ "አትሳቂ" አለ። ለመሳቅ መቼ ልብ ነበረኝ፤ የተፍኪዋን እያሰብኩ ቆዝሜ ቆምኩ። አዲስ አበባ ወስዶ ትልቅ አድርጎ አሳጠበውና መስኮቱ መሀል ሰቀለው። የተፍኪዋን ግን ከጎኔ አላነሳትም። ይህም ሳይበቃ ያንኑ ዕለት ሱቁን ቆለፈና "ሠርግ አለብኝ" ብሎ ሄደ። ወዴት? ወደ ተፍኪ! እንዴት እንደነጋልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ፊቴን ሳልታጠብ እዬዬ ከመንገድ ተሰማ። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ግቢዬን ሞሉት። የዕድራችን ዳኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡኝ።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉ። "ባልሽን ያህል ሰው ሞቶብሽ እንዴት ለዕድር አይነገርም?"

ያን ጊዜ ከአፌ በወጣው ሰበታ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

"የት ነው የሞተው?" ብዬ ጮህኩ። "እሷ ቤት ነው?"

ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው ተያዩ። "የማን ቤት?" አሉ ሽማግሌው።

"አንቱ አይደሉ እንዴ ሞተ ያሉኝ! ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል፣ አንቺው ነሻ! ሱቁ ተዘግቷል፣ እሱ የለም፣ አንቺ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ፣ ፊትሽ ጠቁሮ የሱቁ መስኮት ላይ ተሰቅለሻል። ሌላ ምን እንበል?"

ለካስ! ጥለቱን ወደ አንገት አምጥቶ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው፤ ይህን ሰበታ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ የተፍኪዋን ልበልጥ ስል፣ እሱ ብርሃኑን ሲለካ፣ ሁለታችንም ልብ አላልነውም። "ኧረ ማንም አልሞተም!" አልኩ። ማን ይስማኝ! "ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ፣ ያዟት" ብለው ተረባርበው ያዙኝ። እኔ ስታገል እነሱ ሲያለቅሱ የተፍኪው አውቶቡስ በራችን ላይ ቆመ።

እሱ ነው፣ ከነነፍሱ። ካሜራውን አቅፎ ወረደና ለቅሶውን ሲያይ ባለበት ደረቀ። እኔ በሴቶቹ ተከብቤ ስለነበር አላየኝም። "ሚስቴ ናት?" አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። የሞተ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ያዩ መስሏቸው ሁሉም ክው ብለዋል። ሰዉን እየገፈታተረ ሲሮጥ አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ወድቆ ሲንኮታኮት ሰማሁ። የመስታወት ድምፅ ነበረው።

ደረሰብኝና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው። ያልታጠበ ፊቴን፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ጉንጬን እየደባበሰ አየኝ።

"ካሜራህ ተሰበረ እኮ" አልኩት።

"የቱ ካሜራ?" አለኝ።